አውቶቡሱ የማይታይበት አዳራሽ

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። በአርክቴክቸር ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። አሁን በአንድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ሆቴሎችንና ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንፃዎችን እነድፋለሁ፤ ማታ ማታ የግል ደንበኞች አሉኝ፣ ታናሽ ወንድሜን የማስተምረውም በዚያ ገንዘብ ነው። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት መናኸሪያና የባቡር ጣቢያ በሚነድፍ ቡድን ውስጥ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ደመወዙ አሁን በጠቅላላው ከማገኘው ያንሳል። ከተማሪነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ሥራ ነው። አባቴ 31 ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ‹ሐዲድ ተነጥፎልን ባቡር ያላየን ሰዎች ነን፤ አንቺ ለማይመጣ ባቡር ጣቢያ ልትነድፊ ነው?› ይሉኛል። ባልደረቦቼ ደግሞ ‹በትራንስፖርት ሥራ ሁሉን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ አርክቴክት የሚጠራው መጨረሻ ላይ የወለል ንጣፍ ለመምረጥ ነው› ይላሉ። እናቴ ዝም ብለዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። ምን ይመክሩኛል? ልቧ ለሁለት የተከፈለ፣ ከኮምቦልቻ።»

አብሽሪ ልጄ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ መልሴን ግን ያገኘሁት በመጀመሪያው ንባብ ነው። ሂጂ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን ሂጂ እንዳልኩሽ፣ ምን ይዘሽ እንደምትሄጂና ምን እንደሚጠብቅሽ ነው። የሚጠብቅሽን አላሳምርልሽም፤ በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ስላሳለፍኩ አስቸጋሪው የት የት ላይ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ አንድ አዳራሽ ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ለአንዲት የወሎ ከተማ መናኸሪያ የመንደፍ ዕድል ደረሰኝ። ሁለት መቶ ሰው የሚያስቀምጥ የመጠበቂያ አዳራሽ ሣልኩ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ከአካባቢው ድንጋይ የተጠረበ፣ መቀመጫው ከባሕር ዛፍ የተሠራ ነበር። ተሳፋሪው ከአቧራውና ከጭሱ እንዲገላገል ብዬ ፊቱን ወደ ከተማው፣ ጀርባውን ወደ አውቶቡሶቹ አዞርኩት። በወረቀት ላይ ያየው ሁሉ ወደደው። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ልጎበኘው ሄድኩ። መብራቱ በርቷል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ ውስጡ ግን አንድም ሰው የለም። ሕዝቡ በሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ በዚያ ውርጭ አውቶቡሶቹ ጎን ቆሟል። አንዲት ልጇን ያዘለች ሴት ዘንቢሏን በሁለት እግሮቿ መካከል አቁማ እጇን ታሞቃለች፤ ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ ትተነፍስባቸዋለች። «እኅቴ፣ ለምን ገብተሽ አትቀመጪም?» አልኳት። «መኪናው ሲሞላ በምን አየዋለሁ?» አለችኝ። ተራ አስከባሪው ሲጮህ ዘንቢሏን አንሥታ ሮጠች።

ተሳፋሪ የሚጠብቀውን ነገር ካላየ አይቀመጥም። ሰውን አረጋግቶ የሚያስቀምጠው ተራው እንደማያልፈው ማወቁ ነው፤ ይህን ሳላውቅ ነበር ሁለት መቶ ወንበር የደረደርኩት። አዳራሹ ከጊዜ በኋላ የእህል መጋዘን ሆነ። ሕንፃውን በግማሽ ማዞር፣ ወይም በአውቶቡሶቹ በኩል ያለውን ግድግዳ ከፍቶ በመስታወት መተካት ይበቃ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እንዲያ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ አልነበረም። መናኸሪያውን ከመንደፌ በፊት አንድ ሌሊት እንኳ እዚያ ቆሜ አላደርኩም።

ልትገቢበት የምታስቢው ሥራ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው። ሆቴል ስትነድፊ ደንበኛሽ ቢሮሽ ድረስ መጥቶ፣ ሻይ ይዞ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ «ይህ ደረጃ ጠበበኝ» ይልሻል። የመናኸሪያው ደንበኛ አይመጣም። ከሐይቅ ከተማ ለሕክምና የሚመጣው ሽማግሌ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ዶሮ ይዛ የምትሄደው ነጋዴ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ የምትወጣው ልጅ ቢሮሽን አያንኳኩም፣ ስምሽንም አያውቁም። ካልሄድሽላቸው በቀር ፍላጎታቸው ወረቀትሽ ላይ አይሰፍርም። ለዚህ ሥራ ልብ ያላት አርክቴክት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አባትሽ ልምጣ። እንደ ተቃዋሚ አትያቸው፤ የመጀመሪያው መምህርሽ እቤትሽ ተቀምጠዋል። 31 ዓመት መናኸሪያ የገባና የወጣ ሰው እኔ በመጽሐፍ ያላገኘሁትን ያውቃል። ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። በየትኛው መናኸሪያ መግባት ይቀልላቸው ነበር? የትኛው ያስፈራቸው ነበር? በኋላ ማርሽ ለመውጣት ረዳቱ «ና፣ ና» እያለ የሚያዝበት ቦታ የት ነበር? ከኋላ ሰው ያልፍ ነበር? አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው አውቶቡስ ለመዞር የውጭ ጠርዙ ከመሐል 12 ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ ይህን ቁጥር ማንኛውም ሠንጠረዥ ይነግርሻል። አባትሽ የሚነግሩሽ ግን ቁጥሩ በተጣበበበት መናኸሪያ ምን እንደሚፈጠር ነው። አውቶቡስ ገብቶ በፊት ለፊት የሚወጣበት አቀማመጥ ሰፋ ያለ መሬት ይበላል፤ ስለዚህ መሬት የሚቆጥብ ሁሉ ገብቶ በኋላ ማርሽ የሚወጣበትን ይመርጣል። የእግረኛው መንገድ ከአውቶቡሱ ጀርባ ካለፈ ደግሞ አደጋው እዚያው ይጠነሰሳል። የእግረኛውን መንገድ ከጎማው መንገድ የሚለየው መስመር ያንቺ እርሳስ ነው። አባትሽ ይህን ሲረዱ «ጣቢያ ልትነድፊ ነው?» የሚለው ጥያቄያቸው ሌላ ቃና የሚይዝ ይመስለኛል።

ስለ ባቡሩ የተናገሩት ግን ከብስጭት ብቻ የመነጨ አይደለም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር ውል የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ግንባታውን ሲጀምር፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር ወሎን ከጅቡቲ ወደብ መንገድ ጋር ያገናኛል ተብሎ ስንቱ ተስፋ አደረገበት። ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ዘገየ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና በተሠራው ላይ ጉዳት አደረሰ። ሐዲዱን እያዩ ዓመታት የቆጠሩ ሰው እንዲህ ቢናገሩ አልፈርድባቸውም። አንቺም ብትሆኚ የባቡር ጣቢያ ብቻ እነድፋለሁ ብለሽ ከሄድሽ ልብሽ ይሰበራል።

ነገር ግን ባቡሩ መጣም ቀረ፣ ነገ ጠዋት ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ ሰው አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፣ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሁሉ ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። ባቡር ኮምቦልቻ የሚያወርደው የደሴ ሰው እንኳ የመጨረሻውን ጉዞ የሚጨርሰው በመኪና ነው። በአገራችን የሕዝብ ትራንስፖርት ዋናው ሸክም ያለው በአውቶቡስ፣ በሚኒባስና በባጃጅ ላይ ነው፤ ሥራሽም በብዛት የሚሆነው እዚያ ነው። ይህን እንደ ማነስ አትቁጠሪው።

የብራዚሏን ኩሪቲባ ታሪክ አጥኚ። ዣይሜ ሌርነር የሚባል አርክቴክት ሦስት ጊዜ ከንቲባ ሆኖባታል። ከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ለመሥራት አቅሙ አልነበራትም፤ ስለዚህ ከ1974 ጀምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ዘረጋች። በ1991 ደግሞ ቱቦ የሚመስሉ ከመስታወት የተሠሩ ፌርማታዎች አቆመች። ተሳፋሪው ሒሳቡን የሚከፍለው ወደ ፌርማታው ሲገባ ነው፤ የፌርማታው ወለልና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ናቸው፤ በሩ ሲከፈት ደረጃ ሳይወጣ ይገባል። ረዳት በሩ ላይ ቆሞ ሒሳብ አይሰበስብም፣ አሮጊት ሰው ደግፎ አያወጣቸውም። ያን ሁሉ ያመጣው የአንድ ፌርማታ ንድፍና የወለሉ ከፍታ ነው። ወለል ደግሞ የአርክቴክት ጉዳይ ነው።

እስቲ ይህን ወለል በቅርብ እንየው፣ ምክንያቱም የዕለት ተዕለት ሥራሽ ይህን ይመስላል። ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መሳፈሪያ አለሽ እንበል። ጤነኛ ሰው እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ስድስት ደረጃዎች ይወጣዋል፤ ሁለት ሜትር ያህል ቦታ ይበቃዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ግን በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ያለው ተዳፋት ያስፈልገዋል። ዘጠና በአሥራ ሁለት ሲባዛ 10 ሜትር ከ80 ነው። መሐል ላይ ማረፊያ ሲጨመርበት ከ12 ሜትር ያልፋል። መሬቱ ሲከፋፈል ይህን 12 ሜትር ካላስያዝሽ በኋላ ከየትም አታመጪውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ ሆኖም ብዙ ቦታ የምናየው ከተሠራ በኋላ በሲሚንቶ የተለጠፈ፣ ሰው የሚያንሸራትት ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ቦታ ስላልተያዘለት ነው እንዲያ የሆነው።

አሁን ወደ ባልደረቦችሽ ወሬ ልሂድ። ያሉት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አርክቴክት ዘግይቶ ይጠራል፣ ጣቢያው የት እንደሚቆም ከተወሰነ በኋላ «አሳምርልን» ይባላል። እኔም ተብያለሁ። ቂም ይዞ መቀመጥ ግን አይጠቅምም። መሐንዲሱ የሚነሣው ከማይታለፍ ነገር ነው፤ የጭነት መኪና እየጮኸ ሐረጎን ይወጣል፣ ዕቃ የጫነ ባቡር ግን ይህን ዓይነት ዳገት አይችለውም። በመቶ ሜትር ርቀት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ከፍታ ነው የሚፈልገው፤ ኩርባውም ሰፊ መሆን አለበት። እነዚህ ቁጥሮች መስመሩን ይጎትቱታል፣ ጣቢያውም አብሮ ይጎተታል። ስለዚህ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየውን የመሐንዲሱን ንድፍ እንደ ራስሽ ንድፍ ማንበብ ተማሪ። ከሰርቬየሮቹ ጋር ሜዳ ውጪ። ቋንቋቸውን ስትናገሪ «ይህ ጣቢያ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ከተማው ቢጠጋ ኩርባው ይፈቅዳል?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ይህን ጥያቄ በጊዜው የምትጠይቅ አርክቴክት የወለል ንጣፍ ምረጪ አትባልም።

የሦስት መቶ ሜትርና የሦስት ኪሎ ሜትር ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። የድሮው የፈረንሳዮች ባቡር በ1902 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲደርስ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በጣቢያው ዙሪያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም የጣቢያው ስም የሰፈር ስም ሆኗል፤ ለገሃር ማለት በፈረንሳይኛ ጣቢያው ማለት ነው፣ ባቡሩ ከሄደ በኋላም ሰው «ለገሃር ወራጅ አለ» እያለ ይወርዳል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ደግሞ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ራቅ ብለው ነው የተሠሩት። ለመሬቱና ለመስመሩ ምክንያት አለው። ተሳፋሪው ግን ጣቢያው ለመድረስ ሌላ መኪና ይከፍላል፣ ሻንጣውን ሁለት ጊዜ ይጭናል፤ የባቡር ትኬት ዋጋ ላይ ይህ ሒሳብ አይታይም። አዲስ አበባ ቀላል ባቡርም በመስከረም 2008 ሥራ ጀምሮ፣ ሁለቱም መስመሮች ሲከፈቱ በ39 ጣቢያዎች ብዙ ሕዝብ አንሥቷል፣ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ግን ጎዳናው ለሁለት ተከፍሎ፣ ከወዲህ ወዲያ ለመሻገር ሰው ረጅም መንገድ ይዞራል። ጎረቤትሽ ለቅሶ ለመድረስ ስንት ሜትር ይራመዳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው በንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ መኖር አለበት። አንቺ ያን ሰው ሁኚ።

ሌላው ዓለምም ይህን የተማረው ቆይቶ ነው። ለንደን ጁብሊ የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር መስመሯን ስታራዝም ሥራውን ለሮላንድ ፓዎሌቲ ሰጠች፤ በሆንግ ኮንግ የምድር ውስጥ ባቡር ልምድ ያካበተ አርክቴክት ነበር። በ1999 በፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈቱትን ጣቢያዎች ለተለያዩ አርክቴክቶች ሰጥቶ ከመሐንዲሶቹ ጋር አሠራቸው። ወደ ምድር የሚወርደው ተሳፋሪ መውጫውን ፈልጎ እንዳይደናገር፣ ብርሃን ወደ ታች እንዲገባ ተጨነቁበት።

ከውጭ የሚመጣ ንድፍ የማያውቀውን የወሎን ነገር ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ፀሐዩን ውሰጂ። እኛ ዘንድ በኅዳርና በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ትዞራለች። በአንድ ወገን ብቻ የተዘረጋ ጥላ ለወራት ሰውን ያቃጥላል፤ ባቲና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። የጠዋትና የአመሻሽ ፀሐይ ጎን ለጎን ስለሚገባ ጣሪያ ብቻውን አይመክተውም፣ ዛፍ ወይም ግድግዳ ይፈልጋል። ደሴ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ የሚያስፈልገው ከነፋስ መከለያ ነው። ውኃውን ውሰጂ። ለሰላት ዉዱ የሚያደርግ መንገደኛ ባለበት አገር የውኃ ቧንቧና ንጹሕ የመስገጃ ጥግ የሌለው መናኸሪያ ጎዶሎ ነው። የሴቶች መጸዳጃ ከወንዶቹ በቁጥር ቢያንስ እጥፍ ይሁን፤ ከመብራት የራቀ፣ ከጀርባ የተደበቀ አይሁን። ሴቶች መንገድ ላይ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉት ለምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ የነደፍናቸው መናኸሪያዎች ምክንያት ናቸው። ጭነቱንም አትርሺ። ከደሴ ሰኞ ገበያ ወይም ከባቲ የሚመለስ ሰው ብቻውን አይጓዝም፤ ጆንያ አለው፣ ዶሮ አለው፣ አንዳንዴም ፍየል። ለአንድ ሰው በያዝሽው ቦታ ይህ ሁሉ ይቀመጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አራት ሰው ከቆመ መተላለፍ ያስቸግራል፤ ጆንያ ሲጨመር ሁለት ሰውም ይበዛል።

የደሴን ዳገት አፋፍ ላይ ያሉ ሰፈሮች ሳስብ የኮሎምቢያዋ ሜዴጂን ትዝ ትለኛለች። በ2004 በፈረንጆች አቆጣጠር አውቶቡስ ለማይወጣቸው ኮረብታ ሰፈሮች በገመድ የሚሄድ ማመላለሻ ሠርታ ከከተማ ባቡሯ ጋር አገናኘችው። ደሴ ገመድ ይዘርጋላት ማለቴ አይደለም። ለዳገት ሰው ደረጃው፣ የእጅ መደገፊያው፣ በየሃያ ሜትሩ የሚያርፍበት ድንጋይ ራሱ የትራንስፖርት ሥራ ነው ማለቴ ነው። ማንም በጨረታ ስለማያወጣው ብቻ ሥራ ሳይባል ቀርቷል።

የሚያምመውንም ልንገርሽ። ከነደፍኳቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት አልተሠሩም። በጀት ያልቃል፣ ኃላፊ ይለወጣል፣ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። ሆቴል በሁለት ዓመት ተሠርቶ ስምሽን ያስጠራል፤ መናኸሪያ አሥር ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሐል ልብሽ እንዳይቀዘቅዝ የምመክርሽ የቆጠራ ደብተር እንዲኖርሽ ነው። በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት አውቶቡስ እንደወጣ፣ ጥላው የት እንዳረፈ ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ። አንድ ንድፌ ዘጠኝ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ከኖረ በኋላ ተፈልጎ የወጣው ሥዕሉ አምሮ አልነበረም። ከጀርባው ያ ቆጠራ ስለነበረ ነው፤ አዲስ ለመቁጠር ጊዜ አልነበራቸውም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልሁን። የወንድምሽን ትምህርት እንዳታቋርጪ ከመሄድሽ በፊት የጀመርሻቸውን የግል ሥራዎች ጨርሰሽ ሒሳብሽን ተቀበይ፤ ለስድስት ወር የሚበቃ አስቀምጪ። ውሉ ማታ የግል ሥራ መሥራትን ይከለክል እንደሆነ አስቀድመሽ አንብቢ። ቤት ኪራይ ከጓደኛ ጋር ተጋሪ። ድርጅቱን ደግሞ በግልጽ ጠይቂ፦ የቦታ መረጣው ላይ አርክቴክቱ ይቀመጣል ወይስ በኋላ ይጠራል? ለሥራ ሜዳ የሚያስወጣሽ ጊዜና የውሎ አበል አለ? በነደፍሽው ላይ ስምሽ ይሰፍራል? ለመጀመሪያው ጥያቄ «በኋላ ነው» ካሉሽም ሂጂ፤ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ወደ ፊት ለመቅረብ የምትታገይ መሆንሽን አውቀሽ ሂጂ። ሁለተኛ ዲግሪውን አሁን አትቸኩዪበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በባቡር ምሕንድስና የሚያስተምር ማዕከል አለ፤ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ምን እንደማታውቂ ስታውቂ ብትገቢ ትጠቀሚበታለሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። «እናቴ ዝም ብለዋል» ብለሽ በሦስት ቃል አልፈሻቸዋል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ እሳቸው ላይ ነው የቆየሁት። በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ አትግቢ። እናትሽን ይዘሽ ደሴ ውጪ፤ ዘመድ ጠይቁ፣ ገበያም ዙሩ። ኪስሽ ውስጥ ሜትርና ትንሽ ደብተር ይኑር። ከቤታችሁ ደጃፍ እስከ መናኸሪያው ስንት ጊዜ ቆመው እንዳረፉ ቁጠሪ፣ ምን ተደግፈው እንዳረፉም ጻፊ። ሚኒባሱ ላይ ሲወጡ የማንን እጅ እንደያዙ እዪ። ደሴ ስትደርሱ መጀመሪያ የፈለጉት ምን እንደነበር፣ ጥላ ይሁን ውኃ ይሁን መጸዳጃ፣ ሳትጠይቂያቸው አስተውዪ። ማታ ስትመለሱ ያን ወረቀት ለአባትሽ አንብቢላቸውና ለድርጅቱ መልስሽን ጻፊ። የሚኒባሱ የመጀመሪያ መርገጫ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነም ለክተሽ ለእኔ ላኪልኝ።